ወደ ውጭ ያዘነበለ ማኅተም

ሠራተኛዬን ኢሶቤን መጀመሪያውንም አላምነውም። ጃፓን ውስጥ ሺኮኩ ደሴት ላይ ወዳለው ተራራ የወጣነው የመኪና መንገዱን ኩርባ የሚያመለክተውን ታፔላ ለመቀየር ነበር፤ ደብዝዟል ተብለን። ስንደርስ ግን እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል።

«ማነው ቀድሞን የቀየረው?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ አለቃ? የኛው ይኸው መኪናው ላይ ነው።»

«ርካሽ ነገር አስመስለህ አሠርተህ እንዳይሆን ብቻ! ይሄ ኩርባ ሰው በልቷል።»

የበላው ኩዋታን ነው፤ ፋብሪካችን ውስጥ የታፔላ ጥራት ይፈትሽ የነበረውን። ባለፈው ሰኔ፣ በጭጋግ፣ የደበዘዘውን ታፔላ ሳያይ ገደል ገባ።

ዞሬ የታፔላውን ጀርባ አየሁ። የፋብሪካችን ስም አለ፤ የተሠራበት ወርም አለ፤ ይሄ ወር ነው። ከሥሩ የፈታሹ ቀይ ማኅተም ታትሟል። እኛ ዘንድ ፈታሽ ማኅተሙን ሲያትም አለቃው ወደሚያትምበት ቦታ ዘንበል ያደርገዋል፤ እጅ እንደ መንሳት ነው። ኩዋታ ብቻ ከኔ ጋር እልህ ተጋብቶ ወደ ውጭ ያዘነብለው ነበር። ይሄም ወደ ውጭ አዘንብሏል። ከጎኑ የኔ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ባዶ ነው።

«የሞተ ሰው ማኅተም ትሰርቃለህ? አታፍርም?»

የኢሶቤ ፊት አመድ መሰለ። «አለቃ፣ ማኅተሙን ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ። አስከሬኑ ሲቃጠል አብሮት ተቃጥሏል። እርስዎም ቆመው አይተዋል እኮ።»

እውነቱን ነው፤ አይቻለሁ። ማኅተሙን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት።

ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።