ማሽኑ ሳይጠፋ

ኢዩኤል ወሬውን የሰማው ለሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ማታ ነው። የነገረችው ራሷ ሙሽሪት ናት፤ ያውም እየሳቀች።

«ለፎቶ ሾው ያገኘኋት ልጅ ሶ ጎበዝ ናት» አለችው ቢሌን። «የሺሃረግ ትባላለች፣ ኦክላንድ ነው የምትኖረው። ከኬኩ በኋላ ሰርፕራይዝ አለኝ ብላኛለች።»

ኢዩኤል የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ካንስል አድርጊያት እንዳይል፣ ለምን ስትለው ምን ይመልሳል?

የሺሃረግን ያውቃታል። ከሁለት ዓመት በፊት ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት አስሮላት፣ ሠርጉ ሲቃረብ በስልክ የተዋት እጮኛው ነበረች። አባቷ ሰው ፊት መቆም አፍረው ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ ቀሩ። እሷ አላለቀሰችም። «በሰው ፊት እንዳዋረድከኝ በሰው ፊት ትዋረዳለህ» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። እሱ ረስቶት ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ለቢሌን አባት ለአቶ ጌታቸው ደግሞ «ከዚህ በፊት የማንንም ልጅ ጠይቄ አላውቅም» ብሎ ምሎላቸዋል። አቶ ጌታቸው ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ውሸት ከያዙ ከሠርግ መሃል ተነስተው ልጃቸውን ይዘው የሚወጡ ሰው። አንድ የቀለበት ፎቶ ስክሪኑ ላይ ከወጣ፣ ቢሌን የለችም።

የሺሃረግ የምትሠራበትን ላፕቶፕ ኢዩኤል አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ሳኒቬል አብረው ሲሠሩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ገዝተው ነበር፤ ሊኑክስ የተባለውን ሲስተም የጫነችለትም እሷ ናት። ጎኑ ላይ እንደ መሳቢያ የሚወጣ ዲስክ አለው። ማሽኑ ሳይጠፋ አንዱን አውጥቶ ሌላውን መክተት ይቻላል። ግን መጀመሪያ ዲስኩን እንዲለቅ ማሽኑን ማዘዝ፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራት እስክትጠፋ መጠበቅ፣ ከዚያ መሳብ ነው። ሲቸኩል እጁን በእስክሪብቶ ትመታው ነበር።

መላ መታ። የእሷን አውጥቶ የራሱን ይከታል። ለዚያ መሳቢያ የሚሆን ዲስክ ከሱቅ ከጠፋ ቆይቷል፤ ያለው አንዱ የራሱ ብቻ ነው። እሱንም ቤት አያሳድረውም፤ ከመኪናው ኋላ፣ ከትርፍ ጎማው ጎን ነው የሚያስቀምጠው። ቅዳሜን እንደ ልማዱ ለሥራ ብሎ ሄይዋርድ ከተማ ዋለ፤ የአንድ መጋዘን ኮምፒውተሮች በየቅዳሜው ያለ እሱ አይሆንላቸውም። እሑድ ተቀምጦ የልጅነት፣ የምረቃና የወላጆች ፎቶ እየመረጠ ዲስኩ ላይ ለብቻ ፎልደር ከፍቶ ጨመረ። ከጨመራቸው ውስጥ የሚያሳፍር አንድም አልነበረም።

የሠርጉ ቀን ሚዜው ገረመው ሳን ሆዜ ወዳለው አዳራሽ ቀድሞ ሄዶ የሺሃረግን እንዲሰልላት ተላከ። ገረመው ወሬ ይወዳል እንጂ አይዝም። የሺሃረግ ገመዷን እየሰካካች ሥራዋን አስረዳችው፤ ዘመድ ሁሉ ዲስክ ያመጣል፣ ፎቶው ዲስኩ ውስጥ የት እንዳለ ግን አያውቅም። ስለዚህ እሷ የጻፈችው ፕሮግራም የገባለትን ዲስክ ሁሉ ፈትሾ፣ በቅርብ ከተነሳው ፎቶ ጀምሮ ያሳያል።

«ምን አለችህ?» አለ ኢዩኤል፣ ፓርኪንጉ ላይ ክራቫቱን እያሰረ።

«ብዙ ነገር። ዋናው ማሽኑ አይጠፋም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሌላስ?»

«ሰላም በልልኝ ብላለች። ሄይዋርድ አሁንም ይሠራል ወይ አለች።»

ኢዩኤል ክራቫቱን ፈትቶ እንደገና አሰረው።

ሙሽሮቹ ሲገቡ የሺሃረግ ተነስታ አጨበጨበች። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ ሳህን አነሳችና ከሰው ሁሉ መርጣ «ገረሜ፣ ማሽኔን እያት፤ ልብላ» አለችው። ላፕቶፑን እንኳ አልቆለፈችም። አይ የሺ፣ ይህን ሁሉ ቂም ይዛ በክትፎ ትዘናጋ! አለ ኢዩኤል በሆዱ።

ጭፈራው ሲደምቅ ከመድረኩ ኋላ ዞረ። ገረመው ቆሞ ከለለው። ማሽኑን ሊያዝ ጣቱን ሲዘረጋ አረንጓዴዋ መብራት አስቀድማ ጠፍታ አገኛት። ዕድሉን አመሰገነና ዲስኩን ሳበው። እንደ ባዶ ቀፎ እጁ ላይ ቀለል አለው፤ ግን በዚያ ጥድፊያ ማን ልብ ይላል? ለገረመው አቀበለውና የራሱን ከተተ። መብራቷ በራች።

ኬኩ ተቆረሰ። አዳራሹ ደብዘዝ አለ። አቶ ጌታቸው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ሰርፕራይዙ አሁን ነው» አለች ቢሌን እጁን ይዛ። «እኔም አላየሁትም!»

የሺሃረግ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ስክሪኑን አላየችም፤ የምታየው ኢዩኤልን ነበር። እሱም ፈገግ አለላት። ስምንት ቀን እንቅልፍ የነሳችውን ሴት በሰው ፊት ባዶ እጇን ሊያስቀራት ነውና፣ ከሙሽርነቱ ይልቅ ይህ ደስ አለው።

ፎቶው ትልቅ፣ ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ ፊኛዎች። ቀጥሎ ወርቃማ የወረቀት ዘውድ፣ ከዘውዱ ሥር የኢዩኤል ፊት፣ ጉንጩ ላይ የአንዲት ሴት እጅ። ሹክሹክታው ተነሳ። ቢሌን እጇን ከእጁ አወጣች።

አቶ ጌታቸው ተነስተው ወደ የሺሃረግ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህን ያመጣሽው አንቺ ነሽ?»

«ኧረ የሷ ዲስክ እኔ ኪስ ውስጥ ነው!» አለ ገረመው ደንግጦ።

ፎቶው ወርዶ አለቀ። ሴትዮዋ የሺሃረግ አልነበረችም፤ ከፊቷ ቆሞ ሦስቱን ሻማ እፍ የሚለው ሕፃንም ቁርጥ ኢዩኤልን ነው።