ሰው ነኝ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ ኢሳጋኒ የአሮጌ ሞተር ሳይክሉን ባትሪ ከኢንተርኔቱ ራውተር ጋር ገና እያገናኘ ነበር። ሚስቱ ሮሴንዳ ከመጋረጃው ማዶ በላፕቶፕ የባዕድ አገር ሕፃናትን እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ትምህርቱ አንድ ጊዜ እንኳ ዳግም ከተቋረጠ እንደምትባረር ተነግሯታል።

«ጋኒ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚጠብቁኝ!»

«ቆይ በናትሽ!»

ሽቦውን ጠመዘዘው፤ ተበጠሰ። ልጦ እንደገና ሲያስረው ከእጁ አመለጠ።

«ሰው ነኝ!» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ፓሲንግ ከደጅ። በመንደሩ ሰው ያልሆነም ነገር ደጅ ላይ ይጣራል ስለሚባል፣ እንግዳ ሁሉ እንደዚያ ሳይል አይገባም። ገብተው የሽቦውን ውጥንቅጥ አዩና «ዓሣ ልታጠምድበት ነው እንዴ ልጄ?» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ኢሳጋኒ በንዴት ሽቦዎቹን ሁሉ ነቅሎ ወረወራቸው።

«ኢንተርኔቱ መጣ!» ብላ ጮኸች ሮሴንዳ። «እጅህ ይባረክ!»

ራውተሩን አየው። አንድም መብራት አልበራበትም። ባትሪው ወለሉ ላይ ለብቻው ተቀምጧል።

«ሮሲ፣ እኔ እኮ አላገናኘሁትም።»

«ዝም በል፣ አዲስ ተማሪ ገብቷል።»

ድምጿን አለስልሳ በእንግሊዝኛ ስሙን ጠየቀችው። ከላፕቶፑ አንድ ሕፃን በመንደራቸው ቋንቋ መለሰላት።

«ሰው ነኝ።»

ሮሴንዳ መጋረጃውን ገልጣ ኢሳጋኒን አየችው።

«ሰው ነኝ!» አለ እንደገና፣ አሁን በእትዬ ፓሲንግ ድምፅ።