በደምበጫ ሜዳ የጸደቀችው ጎል

«ዳኛው ተገዝቷል... ይህማ የለየለት ኦፍሳይድ ነው» አለ የሂዊ አባት፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየቀረጸ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ነው የቀረው።

ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሴቶች ውድድር... ደምበጫ ከጉንደ ወይን፣ በደምበጫ ሜዳ።

እኩል ከወጡ ጉንደ ወይን ወደ ደብረ ማርቆስ ያልፋል። የሂዊ ቡድን ማለት ነው። ሂዊ ተከላካይ ናት።

በዚህ ሰዓት ነው እንግዲህ የደምበጫዋ አጥቂ ያስቆጠረችው። ከፊቷ የምትታየው በረኛዋ ብቻ ናት፤ ከበረኛዋ ሌላ አንድ ተከላካይ ከፊቷ ከሌለ ደግሞ ኦፍሳይድ ነው።

ዳኛው ፊሽካ ነፉና ወደ መሃል አመለከቱ... ጎል።

ዳኛው መምህር አካለ ወልድ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የደምበጫ አስተማሪ ናቸው።

ልብ በሉ... የደምበጫ።

የሂዊ አባት ገና ከጠዋቱ ነው የጠረጠራቸው።

ሲመጡ ከደምበጫው አሰልጣኝ ጋር ከአንድ ባጃጅ ነው የወረዱት። ከዚያ ደግሞ ከኮታቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ለአሰልጣኙ ሰጡት። እሱም አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

ዳኛ ለአሰልጣኝ ምን ይጽፋል?

ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ቀርቶ ሳያይም መጠርጠር ይወዳል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ አንዷ ከቀደመችው፣ ከባለ ወፍጮው ጋር ያላትን ዝምድና መቁጠር የሚጀምር ሰው ነው።

አንድ ለዜሮ አለቀ። ሂዊ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አባቷ ስልኩን እንደያዘ ከሜዳው ወጣ።

ሚኒባሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቪዲዮውን አስተካከለው። ሰው የሚያየው አጭሩን ነው ብሎ መጀመሪያውን ቆረጠ። የመምህሩን ፎቶ ለጠፈበት፣ ሙሉ ስማቸውን ጻፈበት። ከሥሩ ደግሞ «የልጆችን ላብ የሸጠ ዳኛ» አለ።

ለቀቀው...

በሁለት ቀን አርባ ሺህ ሰው አየው። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ የማያውቀው ሁሉ ዳኛ ሆኖ ተሳደበ።

የውድድሩ ኮሚቴ «ነገሩ እስኪጣራ» ብሎ መምህሩን አገዳቸው። ገበያ ሲወጡ «መምህር፣ ስንት ደረሰዎ?» የሚላቸው በዛ። አርባ ዓመት ፊደል ያስቆጠሩት ሰው ነው እንዲህ የሚላቸው። ቆይተው ከቤት መውጣትም ተዉ።

የሂዊ አባት ይህን ሲሰማ ምን አለ መሰላችሁ?

«ንጹህ ቢሆኑማ ይናገሩ ነበር።»

በሳምንቱ ሂዊ የአባቷን ጃኬት ልታጥብለት ኪሱን ስትፈትሽ አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘች።

ያው የመምህሩ ወረቀት ነው። ለካ ለሁለቱም ቡድን ነበር የሰጡት። ታየች የምትባለው የጉንደ ወይን አሰልጣኝ «ስለ ሕጉ ነው፣ ለልጆቹ አንብብላቸው» ብላ ለሂዊ አባት ሰጥታው ነበር። እሱ ግን ሳይገልጠው ኪሱ ከተተው። ኳስ ያውቃላ፣ ምን ያደርግለታል...

ሂዊ ጮክ ብላ አነበበችው። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ተከላካይ ያለ ዳኛ ፈቃድ ከጎል መስመር ብትወጣ፣ መስመሩ ላይ እንደቆመች ትቆጠራለች። አጥቂን ኦፍሳይድ ለማድረግ ብሎ መውጣት አይጠቅምም።»

ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረችው።

ምክንያቱም ያን ቀን ሂዊ ወጥታ ነበር። ኳሱ ለአጥቂዋ ከመሰጠቱ በፊት የጎሉን መስመር ተሻግራ ከሜዳው ውጭ ቆማ ነበር። ከቪዲዮው የተቆረጠው እሱ ነው። በሕጉ ግን እሷም በረኛዋም መስመሩ ላይ ናቸው፣ ሁለቱም ከአጥቂዋ ይልቅ ለጎሉ ይቀርባሉ። ስለዚህ ኦፍሳይድ የለም። ጎሏ ትክክል ናት።

ይህን ዘዴ ማን አስተማራት?

አባቷ። እሱ በልጅነቱ የተጫወተው መስመር በሌለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ «ወጥቻለሁ» ብሎ እጁን ያነሳ ተከላካይ አይቆጠርም ነበር። ሕጉ እንደዚያ ይመስለው ነበር፣ እስከዚያች ቀን ድረስ።

«ተሻገሪ፣ አጥቂዋ ብቻዋን ትቀራለች ያልከኝ አንተ ነህ አባዬ» አለችው። «ግቢ ውስጥ ድንጋይ አስቀምጠህ ያለማመድከኝም አንተ ነህ። እሳቸው ምን አደረጉ?»



አባቷ ቪዲዮውን አጠፋና በማግስቱ ልጁን ይዞ ደምበጫ ሄደ። መምህሩ ራሳቸው በር ከፍተው ግቡ አሏቸው። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ይዘው አስቀሩት። ቪዲዮውን እንዳጠፋው ነገራቸው፣ ይቅርታም ለመናቸው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት።

ወንበር አቀረቡለትና...

«ግን ልጄ፣ እዚያ ላይ የእኔ ስም ነበረ። መልኬም ነበረ። ያንተስ የት ነበር?»

ሂዊ አንገቷን ደፋች።

መልሱን ዛሬ ልስጣቸው...

ያ አባት እኔ ነኝ። የዚህ ገጽ አድሚን።

ቪዲዮውም የተለቀቀው እዚሁ ገጽ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሜን ደብቄ ሰውን ስመክርና ስወቅስ ኖሬያለሁ። አፍሬያለሁ።

የሺዋስ እባላለሁ፣ የጉንደ ወይን ሰው ነኝ። መምህር አካለ ወልድ ከማንም ምንም አልተቀበሉም። ፍርዳቸው ትክክል ነበር። ሳይቆረጥ የነበረውን ሙሉ ቪዲዮ ለኮሚቴው ልኬያለሁ።

ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው፦ ያልገባንን ሕግ ሌላው ጣሰው ብለን አንፍረድ። መጠርጠር ማወቅ አይደለም። የሰው ስም አንስተህ ልትወቅስ ከሆነ ደግሞ አጠገቡ የራስህን ስም ጻፍ። እጅህ እምቢ ካለህ፣ ያኔ ነገሩን እንደማታውቀው ይገባሃል።

ያን ቪዲዮ ስድስት ሺህ ሰው ሼር አድርጎታል። ከስድስት ሺዎቹ አንዱ የነበርክ፣ አንዷ የነበርሽ... ዛሬ ኮመንት ላይ፣ ከነእውነተኛ ስማችሁ፣ መምህሩን ምን ትሏቸዋላችሁ?