በበረንዳው በኩል

ሰሌኑ ላይ የታተመውን የጫማ ጥርስ ያየሁት ማሬት ከወጣች በኋላ ነው። ከፍራሿ አጠገብ ይጀምርና ቀጥ ብሎ ወደ በረንዳው በር ይሄዳል። የአዲሱ ጫማ ካርቶን ክፍቱን ተቀምጧል።

በእኛ በጃፓኖች ዘንድ በምሽት አዲስ ጫማ አድርጎ መውጣት የሬሳ ነው። የግድ ከሆነ፣ አሮጌ እንዲመስል ሶሉ ጥላሸት ይቀባል። ከመኝታ ክፍል ተጫምቶ በበረንዳ የሚወጣማ ሬሳ ብቻ ነው። አማቴን፣ የባሌን እናት፣ ባለፈው ጸደይ ሲሞቱ ያወጣናቸው በዚሁ በር ነው፤ እንዳይመለሱም የሩዝ ሳህናቸውን ደጃፍ ላይ ሰብረናል።

«ሺጌዎ፣ ልጅቷ በአዲሱ ጫማ ወጥታለች።»

ባሌ ከጋዜጣው ቀና አይልም። «ታዲያ በአሮጌው ልትወጣ ነው አዲስ የገዛሽላት?»

«በበረንዳው ነው የወጣችው። ከክፍሏ ተጫምታ።»

«ከኢስቶኒያ ለትምህርት የመጣች ልጅ ናት። የእኛ ሙታን አያውቋትም።»

«ትቀልዳለህ?»

«ወተት ልትገዛ ነው የሄደችው። አንቺ ቀብረሽ ሐዘን ተቀምጠሻል።»

እውነቱን ነው፤ ቀብሬያታለሁ። ሱቁ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። ወንዙ ሞልቷል። ስልኳን ፍራሿ ላይ ትታዋለች። እናቷ ደረቷን ይዛ በስልክ ምስል የነገረችኝን፣ ቋንቋዋን ባልሰማም፣ ገብቶኛል። አደራ ነው ያለችኝ። የዓመት አደራ ተቀብዬ ገና ሁለተኛው ሳምንት ነው።

ወጥቼ ደጁ ላይ እቆማለሁ። የሐዲዱ ማቋረጫ ደወል ይጮኻል፣ ባቡሩ ያልፋል፣ ደወሉ ዝም ይላል። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ሺጌዎ ጋዜጣውን ትቶ ከኋላዬ መጥቷል።

«ሄጄ ልያት መሰለኝ» ይላል፣ በእግሩ ጫማውን እየፈለገ።

ማሬት ግን በመንገዱ አትመጣም። ከቤቱ ጎን ዞራ ብቅ ትላለች፤ ወተቱን በብብቷ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በካልሲዋ።

«እማማ፣ ይቅርታ» ትላለች በተሰባበረ ጃፓንኛዋ። «በወጣሁበት ልገባ ስል አያት ከለከሉኝ።»

«የቷ አያት?»

«በረንዳው ላይ የተቀመጡት። ‹በዚህ አይገባም፣ ጫጩቴ፣ በፊት በር ዙሪ› አሉኝ። ጫማዬንም ተቀበሉኝና...» ገልብጣ ታሳየናለች። ሶሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥላሸት ጠቁሯል። «አዲስ ነበር እኮ።»

እዚህ ቤት ከሰል ከነደደ ብዙ ዘመኑ ነው። ሰውን ሁሉ፣ ሽበታም ልጃቸውን ሳይቀር፣ ጫጩቴ ይሉ የነበሩትም አንዲት ሴት ናቸው። ሺጌዎ ጫማውን ከእጇ ይቀበላል። ጥላሸቱን በጣቱ ይነካል።

«እጅሽን ታጠቢ» እላታለሁ። «ራት ደርሷል።» ትከሻዋን የያዝኩትን እጄን ለማንሳት ጊዜ ይወስድብኛል።

ከዚያ ብቻዬን ወደ በረንዳው እሄዳለሁ። ማንም የለም። የእንጨቱ መዝጊያ እርጥበት ሲመታው ያብጣል፤ መወርወሪያው የሚገባው ሌላ ሰው ከግቢው በኩል ሲገፋልኝ ነው። ዛሬ ማንንም አልጠራም። ስቤ አጠጋዋለሁ። ከውጭ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ይደገፈዋል፣ እንጨቱ ይገጥማል፣ መወርወሪያውም ያለ ድምፅ ይገባል።