ቀድሞ የበቀለው መንጋጋ

የጥርስ ሐኪሟ ትንሿን መስታወት ከልጅቷ አፍ አውጥታ ወደ እናትየዋ ዞረች። «የታችኛው መንጋጋዋ ተበልቷል» አለቻት። ከእሷ በፊት የታየው መንትያ ወንድሟ አንድም እንከን አልተገኘበትም ነበር። እናትየዋ ልጅቷን ገረመመቻት። «ስኳር ስትቅሚ አልነገርኩሽም? ከአንድ ሳህን እየበላችሁ የሱ ደህና ያንቺ የተበላ! ለነገሩ ወልቆ ሌላ ይበቅላል።»

«አይበቅልም፤ የወተት ጥርስ እኮ አይደለም» አለች ሐኪሟ ጓንቷን እየቀየረች። «ደግሞ አትቆጫት። ብዙ ጊዜ የሴቶች መንጋጋ ከወንዶቹ ቀድሞ ይወጣል። የሷ ምግብ ሲያኝክ የሱ ገና ድድ ውስጥ ነበር። አሁኑኑ ካልሞላነው ግን መነቀሉ አይቀርም።»

ልጅቷ አፏን እንደከፈተች እናቷን ታያለች። እናትየዋ ይቅርታ ልትላት ፈለገች፤ ልጅ ይቅርታ ጠይቃ ግን አታውቅም። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ወንበሩ ተጠግታ የልጇን እጅ ያዘች። «ሲያምሽ ጭምቅ አድርጊኝ» አለቻት። ሐኪሟ መሣሪያውን ገና ሳታነሳ፣ ልጅቷ ባለ በሌለ ኃይሏ ጨመቀቻት። እናትየዋ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው።