የታጠበ እግር

«አውልቅ» እለዋለሁ።

«ደህና ነኝ ሲስተር።»

«ሷሊህ፣ አውልቅ አልኩህ።»

ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እጁ የከስክስ ጫማው ማሰሪያ ላይ ነው፤ እኔ እስክሄድ እየጠበቀ ነው። ጊዜ የለኝም። ተንበርክኬ ራሴ እስበዋለሁ። እንደ ህፃን ይጮሃል፣ ከዚያ አፉን በፎጣው ይይዛል።

ካልሲው ርጥብ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ የለም። ወንዝም ገና አልተሻገርንም።

«ይሄ ከየት የመጣ ውሃ ነው?»

«የውዱእ ነው፤ ለሶላት እግሬን ስታጠብ።»

«በየሶላቱ?»

«በየሶላቱ።»

«ታዲያ አታደርቀውም?»

«ሰልፉ ጥሎኝ ይሄዳላ።»

ከደጎሎ ስንወጣ ተዋጊዎቹን ሁሉ ሰብስቤ ነግሬያቸዋለሁ። ባረፋችሁ ቁጥር አውልቁ፣ አድርቁ፣ ካልሲ ቀይሩ፣ የሚፈገፍጋችሁ ቦታ ላይ ደረቅ ሳሙና እሹበት። መለብለብ ሲጀምር ንገሩኝ፣ ውሃ ከቋጠረ በኋላ አይደለም። ሳቁብኝ። ጦር ሜዳ እየሄድን ስለ ካልሲ ታወሪያለሽ አሉኝ። ይኸው አራተኛ ቀናችን ነው፣ መንገድ እየሸሸን፣ በገደል በገደሉ።

ግራው ይሻላል። ቀኙ ግን ተረከዙ ላይ ቆዳ የለም። ውስጥ እግሩ የእንቁላል ያህል ውሃ ቋጥሯል። ከአውራ ጣቱ ስር ያለው ፈርጦ ጠርዙ ነጥቷል። መሽተት ጀምሯል።

ከፊታችን ዳገቱ አለ። ሳይመሽ ካልወጣነው የሚከተለን ጠላት እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ይደርስብናል። መራመድ ያልቻለ ይቀራል።

ትናንት ጓዳችንን አለኸኝን አንድ ገበሬ ጎተራ ስር ትተነው ሄድን። የእሱም ችግር እግሩ ነበር። አዛዣችን ምናለ «ይሄዳል አይሄድም?» አለኝ። «አይሄድም» አልኩ። እውነቴን ነበር። ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ከጎተራው በኩል ሁለት ጥይት ሰማን። እስካሁን ማንም ስለሱ አያወራም።

መርፌውን በላይተር አግላለሁ። ውሃውን ከጎኑ ወግቼ አፈሰዋለሁ፣ ቆዳውን አልነካውም። ተረከዙ ላይ አዮዲን ሳፈስበት ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይጥላል።

ጓደኛው ንጉሡ ፈንጠር ብሎ ቆሎ እየቆረጠመ ያየናል። «ሲስተር፣ እንሶስላ እያሞቅሽው ነው እንዴ? ልንድረው ነው?»

«አንተ የራስህን እግር አድርቅ።»

«የኔማ ሰኮና ነው።»

ሷሊህ ይስቃል። እንባው እየወረደ ይስቃል። ሃያ ዓመት ይሆነው ይሆን?

ጋሽ መሐሙድ መሳሪያቸውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። የከላላ በቅሎ ነጋዴ ናቸው፣ ከሁላችንም ትልቁ። እግሩን አይተው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

«አንተ ልጅ፣ መንገደኛ እኮ በእርጥብ እጁ ካልሲው ላይ ቢያብስ ይበቃዋል። ሶስት ቀን ተፈቅዶለታል። አባትህ ሼህ ሆነው ኪታብ ሲያስቀሩህ ይህን አላስተማሩህም?»

«አስቀርተውኛል ጋሼ። እኔም ለልጆች አስቀርቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

ፋሻ እየጠቀለልኩ ነው። ቀና አልልም።

«እዚህ የወደቀን ማን ያጥበዋል ጋሼ?» ይላል ቀስ ብሎ። «ታጥቤ ልገኝ ብዬ ነው።»

ንጉሡ ቆሎውን መቆርጠም ያቆማል።

ጋሽ መሐሙድ «ፋሻው ላይ አብስ» ይላሉ። «ቁስለኛ አይገደድም። አላህ ያውቃል።»

ከቦርሳዬ ካልሲ አወጣለሁ። የኔ ነው፣ የመጨረሻው ደረቅ። ተረከዙ ጋ ሳሙና አሽቼበት በፋሻው ላይ አጠልቅለታለሁ።

«ያንቺስ?» ይላል።

«አያገባህም።»

አዛዡ ምናለ ይመጣል። አይቀመጥም። እግሩን አያይም፣ እኔን ነው የሚያየው።

«ሲስተር፣ ይሄዳል አይሄድም?»

አይሄድም። ዳገቱ ግማሽ ሳይደርስ ያ ፋሻ ከሥጋው ጋር ይጣበቃል። አሁን ካላሳረፍኩት እግሩን ያጣል። ግን የት ነው የማሳርፈው? የማን ጎተራ ስር?

«ይሄዳል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ይሄዳል አልኩህ።»

አላመነኝም። ወደ ሷሊህ ይዞራል። «እስከዚያች ግራር ደርሰህ ተመለስ።»

ሷሊህ ከስክሱን ያጠልቃል፣ ይነሳል። ሃምሳ እርምጃ ይሆናል። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አያነክስም። ግራሯን በእጁ ነክቶ ይዞራል። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል፣ መንጋጋው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ንጉሡ «ወንድ!» ይላል። ማንም አይስቅም።

«አምስት ደቂቃ» ይላል ምናለ፣ ይሄዳል።

ሷሊህ ድንጋዩ ላይ ይወድቃል እንጂ አይቀመጥም። የአሱር ሶላት ሰዓት ደርሷል። ከስክሶቹን ያወልቃል። የኔን ካልሲ አጣጥፎ ደረቅ ሳር ላይ ያስቀምጠዋል። እጁን ይታጠባል፣ ፊቱን፣ ክንዱን፣ ራሱን ያብሳል። ግራ እግሩን ይታጠብና በፎጣው ያደርቀዋል፣ በየጣቱ መሃል፣ እኔን እያየ። አሁን ነው የገባው።

ከዚያ ቀኝ መዳፉን ያረጥብና ፋሻው ላይ ያብሳል።

መዳፉን ያየዋል። ቀይ ነው።

ፋሻው አዲስ ነው። አሁን ነው ያሰርኩት።

ወንዙ ውስጥ ያለቀልቀዋል። እንደገና ያብሳል። እንደገና ቀይ ነው። ለሱ ደም ካለ ትጥበቱ አልሞላም። ጋሽ መሐሙድ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ መርፌዬን፣ መቀሴን፣ የተረፈችውን ፋሻ ወደ ቦርሳዬ እከታለሁ።

ምናለ ፊሽካውን ይነፋል።

ሷሊህ እጁን ወደ ውሃው ይመልሳል።