ከጀርባ የተቆላለፉ እጆች

ልጅቷ በትንሹ የአሻንጉሊት ሙዚየም ውስጥ ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ቆላልፋ፣ አንገቷን ብቻ እያሰገገች ቆማ ነበር። እናቷ ከቤት ጀምራ ስትወተውታት የመጣችው ይህንኑ ነው፤ "እጅሽን ወደ ኋላ! አንቺ የነካሽው ነገር መቼ ደኅና ሆኖ ያውቃል?" አሮጊቷ አስጎብኚ ሳቅ አሉና ከመስታወት ሳጥኑ ውስጥ የሸክላ ፊት ያላት አሮጌ አሻንጉሊት አወጡ። "ነይ ሚጡዬ፣ እዚህ የመጣ ልጅ ሁሉ አንዴ ያስተኛታል። ስትጋደም ዓይኗን ትከድናለች።"

"ኧረ እትዬ፣ በሞቴ! ትሰብራታለች። ለእኔ ይስጡኝ፣ እኔ ላሳያት" አለች እናትየው።

አስጎብኚዋ ሰጥተዋት ሳጥኑን ሊዘጉ ዞር አሉ። እናትየው አሻንጉሊቷን በክንዷ ላይ ስታጋድማት ዓይኖቿ ቀስ ብለው ተከደኑ። ልጅቷ ትንፋሿን ዋጠች፤ እጇን ግን አልፈታችም። ይኼኔ ከፍርሃት ብዛት በላብ የራሰው የእናትየው መዳፍ ከዳት። አሻንጉሊቷ ሙልጭ ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ፊቷ እንክትክት አለ።

"ምነው! ምን ሆነች?" አስጎብኚዋ ደረታቸውን ይዘው ዞሩ።

"ነጥቃኝ ነው" አለች እናትየው ሳታስበው። "ትሰብራለች ብያለሁ እኮ!"

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። አስጎብኚዋ ጎንበስ ሲሉ ከጀርባዋ የተቆላለፉትን የልጅቷን እጆች አዩ። የእናትየው ልብ ቀጥ አለ።

"አዬ፣ አሁን እጅ መደበቅ ምን ያደርጋል?" አሉ አሮጊቷ በምሬት።

እናትየው ትንፋሿ ተመለሰ። "ይቅርታ በያቸው እንጂ!"

"ይቅርታ" አለች ልጅቷ። እጅሽን ፍቺ ያላት ስላልነበረም፣ እንደቆላለፈችው ከእናቷ ኋላ ወጣች።